ኮረሪማው ገባ፣ ማእድ ቤቱ ቀረ

የምግብ አሠራር መጻሕፍትንና የቴሌቪዥን የማእድ ቤት ዝግጅቶችን ለዓመታት ተከታትያለሁ። ውለታቸውን አልክድም። «ሙያ በልብ ነው» እየተባለ ከእናት ወደ ልጅ በዓይን ብቻ ይተላለፍ የነበረውን ባልትና በሲኒና በማንኪያ ሰፍረው፣ እናቱ አጠገቡ ለሌለች ወንደላጤም ሆነ በባዕድ አገር ለሚኖር ወገን ዶሮ ወጥ መሥራትን አስተምረዋል። ሆኖም አብዛኞቹን የሚያመሳስላቸው አንድ ጉድለት አለ። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው አዲስ አበባ ተቀምጦ ላነበባቸው ሳይሆን ማሻ ተቀምጦ ላነበባቸው ሰው ነው።

ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት፣ ዝናብ የሚበዛባት ናት፣ ዙሪያዋም ዩኔስኮ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው የሸካ ደን ነው። በጓሮዋ እንሰት፣ ጎመንና ባቄላ ይበቅላል። ከዚያ በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬውና ጎደሬው ይመጣል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ማጀት አለ ማለት ነው።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ወደ መጻሕፍቱ የገባው ምንድነው? ኮረሪማው ገብቷል። በርበሬ ሲደለህም ሆነ ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማ የማያዝ ገጽ አይገኝም። ቡናውም ገብቷል፣ ማሩም ለጠጁ ሲባል ገብቷል። ምግቡ ግን አልገባም። ደቡብ ምዕራብ ለእነዚህ መጻሕፍት የቅመም መደብር እንጂ ማእድ ቤት አይደለም። የእጇን ምርት ወሰድን፣ የእጇን ሙያ ግን ተውነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ አንድ ፍንጭ ይሰጠናል። እቴጌ ጣይቱ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት የደገሱትን ታላቅ ድግስ የብሔራዊ ማዕድ መወለጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ሐሳቡ አሳማኝ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን እጨምርበታለሁ፦ የማሻ ጎረቤት የሆነው የካፋ መንግሥት በምኒልክ ጦር እጅ የወደቀው በ1897 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይኸውም ድግሱ ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የአገሪቱ ማዕድ ሲሰናዳ እነዚህ ሕዝቦች ገና በአዳራሹ አልነበሩም። ሲመጡም ቡናና ቅመም ይዘው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው እንጂ ማዕዱ እንደገና አልተሰናዳም። እስከ ዛሬም አልተሰናዳም።

ነገሩ በታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ምዕራፍ በመጨመር ይታረም ነበር። እንደ እኔ ግምት ዋናው ችግር የአጻጻፉ ሥርዓት ነው። መጽሐፎቻችን «አምስት ራስ ሽንኩርት» ብለው ከገበያ ዘንቢል ይጀምራሉ፤ ከዚያ ምድጃ ይለኩሳሉ፤ ደቂቃ ይቆጥራሉ። የማሻ ምግብ ግን ከምድጃ አይጀምርም፣ በደቂቃም አይቆጠርም።

ቆጮን እንውሰድ። እንሰቱ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። አብቦ ካፈራ ይደርቃልና ያን ጊዜ አሳልፎ መጠበቅ አይቻልም። ግንድ የሚመስለው አካሉ በሳንቃ ላይ ተደግፎ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃል፤ ሥሩም ይከተከታል። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ከረጋ በኋላ ከታች የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ቡላ ነው። የተፋቀው ደግሞ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል። በየጊዜው ይከፈታል፣ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይለወጣል። በቆላ ቶሎ ይብላላል፣ እንደ ማሻ ባለ ደጋ ግን ይዘገያል፤ ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ወራትም ሊሆን ይችላል። መድረሱ የሚታወቀው በሽታውና በእጅ ሲዳሰስ ነው። ከዚያ በኋላ ተጨምቆ፣ ቃጫው በቢላ ተከትክቶ፣ ታሽቶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይውላል። የመጽሐፍ ጸሐፊ የሚያውቃት ይህችን የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ሌላው የጎደለው ወቅት ነው። መጻሕፍቱ ጾምና ፍስክን ይለያሉ፤ ከዚያ ውጭ ወር የላቸውም። በሸካ ግን ወሩ ራሱ ምግብ ያዛል። በክረምት ጎመኑ ይለመልማል፤ ወደ ክረምቱ መውጫ የበቆሎው እሸት ይደርሳል፤ ከጥቅምት ጀምሮ በቆላው ቡና ይለቀማል። ገተማ ካበበ በኋላ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ነጩ የደን ማር ይቆረጣል። እህል ከጎተራ ሲያልቅ ጎደሬው ከመሬት ይወጣል። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካልና ከነልጣጩ እስኪለሰልስ መቀቀል፣ ከዚያ ተልጦ ከዳጣ ጋር መበላት አለበት። ይህችን ትንሽ ጥንቃቄ እንኳ በአማርኛ ተጽፋ ያገኘሁባቸው መጻሕፍት እጅግ ጥቂት ናቸው።

«የከተማ አንባቢ ጓሮ የለው፣ ጉድጓድ የለው፤ ስለ እንሰት ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ቆጮ በአዲስ አበባ ገበያ ይሸጣል። ከተሜው ከክትፎ ጎን አይቶታል፣ በልቶታልም። ገዝቶ ቤቱ ቢወስደው ግን ምን ያህል እንደሚጨመቅ፣ ቃጫው እንዴት እንደሚከተከት፣ በጎመንና በባቄላ የዘወትር ምግብ እንዴት እንደሚሆን የሚነግረው የለም። ስለዚህ የበዓል አጃቢ ሆኖ ቀረ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ የአገራችን ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር በተደጋጋሚ ይነገራል፤ የዚህን ያህል ሕዝብ የዕለት እንጀራ የክትፎ ማጀቢያ አድርጎ ማየት የንባብ ጉድለት ነው።

ስለ እንሰት አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ፣ ስቲቨን ብራንትና ባልደረቦቹ በ1997 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) እንሰትን «የረሃብ መከላከያ ዛፍ» ብለው ጽፈዋል። እነዚህ ግን የኅብረተሰብና የእርሻ ጥናት ናቸው። ምሁሩ ተክሉን አየ፣ የምግብ ጸሐፊው ቅመሙን አየ፤ የምትፍቀውና የምትቀብረው ሴት እጅ በሁለቱ መካከል ሳይጻፍ ቀረ።

ይህ የሚያሳስበኝ ለክብር ሲባል ብቻ አይደለም። የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ጓሮዎችን እያጠቃ ነው። ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መዋላቸው ደግሞ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው በእጃቸው ይማሩት የነበረው ሙያ ሌላ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ሙያ በልብ ብቻ ከተቀመጠ ልቡ ሲያርፍ አብሮ ያርፋል።

እንግዲህ የሚቀጥለው የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊ ሦስት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። ለእያንዳንዱ ምግብ ወሩን ይጻፍ። አሠራሩን ከምድጃው ሳይሆን ከጓሮው ይጀምር። ሙያውን ላስተማሩት እናቶችም፣ ከፈቀዱለት፣ ስማቸውን በመጽሐፉ ላይ ያስፍርላቸው። ኮረሪማውን ለማስገባት ማንም አልተቸገረም፤ ያስለመዱትን እጆች ማስገባትም የዚያን ያህል ቀላል ሥራ ነው።