ማዕበሉ የሚነሳው ከጀርባ ነው

ባሌት እግሩን ቢቀሙት ምን ይተርፈዋል? ጥያቄው የመጣብኝ «የምትሞተው ስዋን»ን ደጋግሜ ሳይ ነው። ሚካኤል ፎኪን ለአና ፓቭሎቫ ያቀናበረው ይህ የብቻ ዳንስ ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሙዚቃው ካሚ ሴን-ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1886 የደረሰው የቼሎ ዜማ ነው። ትልልቅ ዝላይ የለም፤ እግር ጆሮ ድረስ አይነሳም። ዳንሰኛዋ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ በጥቃቅን ፈጣን እርምጃ መድረኩ ላይ ትንሸራተታለች፤ በቃ። ሌላውን ሁሉ የሚናገሩት ጀርባ፣ አንገትና ክንድ ናቸው።

ማያ ፕሊሴትስካያ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ ነው የምትገባው። ፊቷን ገና አላየነውም፤ ክንዷ ግን አጥንት ያለው አይመስልም። እንዴት አድርጋው ነው? ነገሩ ቅደም ተከተል ነው። እንቅስቃሴው ከጀርባ ይነሳል፣ ወደ ትከሻ ያልፋል፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ አንጓ፣ መጨረሻ ላይ ጣት። ጣቶቿ ያለፈውን ማዕበል ሳይጨርሱ ትከሻዋ ቀጣዩን ጀምሮታል። እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ስክሪን ላይ የምናንቀሳቅሰው ሰው ሁሉም መገጣጠሚያው እኩል ጀምሮ እኩል ካቆመ ሮቦት እንደሚመስል አውቃለሁ። የሰውነት ሒሳቡም ያው ነው፤ ክንድ 180 ዲግሪ ሲነሳ 60 ያህሉ የሚገኘው ጀርባ ላይ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ነው። ክንዴ የሚጀምረው ከትከሻዬ ጫፍ ነው ብሎ የሚያስብ ዳንሰኛ ሲሶውን ጥሎ ይደንሳል ማለት ነው። የሩሲያዋ መምህርት አግሪፒና ቫጋኖቫ ጀርባን የሥልጠናዋ መሠረት ያደረገችው በከንቱ አይደለም።

እስክስታ እያየን ላደግን ሰዎች ትከሻ እንደሚናገር ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ልዩነቱ እስክስታ ምቱን ቆርጦ ያሳይሃል፤ ስዋኗ ግን የት ጀምራ የት እንደጨረሰች ትደብቅሃለች።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የፕሊሴትስካያ ክንድ በጣም ከማማሩ የተነሳ አንዳንዴ ስዋኗ እየሞተች መሆኑን እረሳለሁ። ከዚያ ፓቭሎቫ በ1920ዎቹ የተቀረጸችበትን ድምፅ አልባ ፊልም እከፍታለሁ። እዚያ ክንዱ እንዲህ አይፈስም። ይርገበገባል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። በዛሬ ዓይን ያልተጣራ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ጉሮሮዬን የሚይዘኝ እሱ ነው።

ታዲያ መፍሰስ ለምን ያስፈልጋል? ለረጅም ጊዜ «ለውበት» ብዬ እመልስ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ክንፉ መብረር እንደሚችል ካላመንን ሲያቅተው አናዝንም። ማዕበሉ የሚያስፈልገው ሲሰበር እንድናይ ነው። ብዙ የዛሬ ዳንሰኞች ማዕበሉን ወርሰዋል፤ ስብራቱን ግን ረስተዋል። እጃቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይፈሳል፤ ስትገባም ስትሞትም ያው እጅ ነው። ያ ችሎታ ነው፤ ሞት ግን አይደለም።

እስቲ ራስህ ሞክረው። ቪዲዮውን ስልክህ ላይ ክፈትና የዳንሰኛዋን እግር በአውራ ጣትህ ሸፍን፤ ድምፁንም አጥፋ። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ታጥፋ ስትተኛ የደከመው የትኛው የሰውነቷ ክፍል እንደሆነ ተመልከት። ጣቷ ብቻ ከሆነ ጌጥ አይተሃል። ጀርባዋ ከሆነ ግን ስዋኗን አይተሃታል።