ከበሩ በስተጀርባ ማን አለ? የፊዚዮቴራፒ ቀጥተኛ አገልግሎት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሲታይ

ሕመምተኛ የሐኪም ሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ሄዶ መታከም ይችል ዘንድ ይገባልን? ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል። በአውስትራሊያ የሪፈር ግዴታ ከሙያ ማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በአሜሪካ ነብራስካ እ.ኤ.አ. በ1957 የጀመረችው መብት በሃምሳውም ግዛቶች፣ በተለያየ መጠንም ቢሆን፣ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ክርክሩን እንዳለ ወደ አገራችን ማዛወር ግን ስሕተት ነው። ተከራካሪዎቹ በሩ ላይ ሲሟገቱ ከበሩ በስተጀርባ ባለሙያ መኖሩን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረውታልና።

በጉና ተራራ ግርጌና ማዶ ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገደል ለገደል የሚኖር ገበሬ ወድቆ እግሩ ቢሰበር አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻን ነው። ወጌሻ ወረቀት አይጠይቅም፤ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቤቱም ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ቀጥተኛ አገልግሎት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነበረን ማለት ነው። የወጌሻን ውለታ መካድ አይገባም። ይሁንና ስንጥሩ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ተቋርጦ ጋንግሪን እንደሚያስከትል፣ እጅና እግር እስከ መቆረጥም እንደሚያደርስ የአጥንት ሐኪሞቻችን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጉዳቱን ያመጣው የበሩ መከፈት ሳይሆን የዕውቀት ጉድለት ነው።

የሪፈር ወረቀት ይቅር መባሉን የሚቃወሙ ሐኪሞች ስጋታቸው መሠረት አለው። የወገብ ሕመም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሽንት መቆጣጠር ማቃትና የእግር መስነፍ ሲታከሉበት ደግሞ ሰዓታት እንኳ ዋጋ አላቸው። ነገር ግን በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል «የወገብ ሕመም» ተብሎ በችኮላ የተጻፈ ወረቀት ከዚህ አደጋ አያድንም። የሚያድነው የመርማሪው ችሎታ ነው። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ደብረ ታቦር፣ ለሰው ሠራሽ እግር ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ ለሚጓዝ ሕመምተኛ ወረቀቱ የበግ ዋጋ ነው፤ ለጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው።

ቀጥተኛ አገልግሎትን የሙያ ክብር ጥያቄ አድርገው የሚያቀርቡ ፊዚዮቴራፒስቶችም ከትችት አያመልጡም። መብት ያለ ግዴታ አይቆምም። ጤና ሚኒስቴር የተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ብሔራዊ መመሪያ ካወጣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ትምህርቱ ከሙያ ፈቃድ ዕድሳት ጋር እንዲተሳሰር መደረጉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ነጥብ በአዳራሽ በተቀመጡበት ሰዓት ብቻ ከተቆጠረ የሚታደሰው ወረቀቱ እንጂ ባለሙያው አይደለም። በከተማ የሚሰጥ የመሣሪያ ገለጻ፣ መሣሪያው በሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ምን ይፈይድለታል? እርሱ ሊማር የሚገባው የአደጋ ምልክቶችን መለየትን፣ የተቆረጠ አካልን መንከባከብን፣ ከሁሉ በላይ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ በጊዜ ማስተላለፍን ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ነፋስ መውጫ በጦርነት ስትያዝ የሕክምና ተቋማት መዘረፋቸው አይዘነጋም። የግድግዳ ጥገናና የአልጋ ግዢ የቆሰለን ሰው ዳግመኛ ወደ እርሻው አያደርሱትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው የ2030 የተሃድሶ ጥሪ ተሃድሶ ሕክምና እስከ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት እንዲወርድ የጠየቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱ ጉዳዮች ሊነጣጠሉ አይገባም። ቀጥታ የመቀበል ፈቃድ የአደጋ ምልክቶችን መለየት መቻሉን በተግባር ላስመሰከረ ባለሙያ ይሰጥ። ትምህርቱም እዚያው ወረዳው ድረስ ሄዶ፣ ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ በአንድ ሕመምተኛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚማሩት ይሁን፤ ወጌሻውም የጣት መጥቆርና መደንዘዝ ምን እንደሚያመለክት እንዲያውቅ ይጋበዝ። ይህ እስካልሆነ ድረስ በሩን ብንከፍተውም ብንዘጋውም ለስማዳው ገበሬ ልዩነት የለውም።