ያልመጡትን የማይቆጥር መከላከል፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕብረተሰብ ጤና ሚዛን

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው በሕመም፣ በአደጋ ወይም በእርጅና ምክንያት የተሳነውን የዕለት ተዕለት ተግባር ዳግም እንዲያከናውን የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው። ልብስ መልበስ፣ ምግብ ማብሰል፣ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ዘመድ መጠየቅ ሁሉ የዚህ ሙያ ጉዳዮች ናቸው። ሙያው ለረጅም ዘመን በአመዛኙ በሆስፒታልና በተሐድሶ ማዕከል ተወስኖ የቆየ ሲሆን፣ ሥራውም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነበር። በአውስትራሊያ ያገለገሉት የሙያው ምሁር አን ዊልኮክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ልማድ ሞግተዋል። ክርክራቸውም ሰዎች ቀናቸውን የሚያውሉበት ተግባር ራሱ የጤናም የሕመምም ምንጭ በመሆኑ፣ ሙያው በሽተኛን ከመጠበቅ ወጥቶ ከሕብረተሰብ ጤና ጋር መቀናጀት አለበት የሚል ነው።

ሐሳቡ በሙያው ዘንድ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። ይሁን እንጂ አንድ መርሐ ግብር «የሕብረተሰብ ጤና» ለመባል ሕመምን መከላከሉ ብቻ ይበቃዋልን? ይህን ለመመለስ በአረጋውያን ላይ የተካሄዱ ሦስት የታወቁ ሙከራዎችን በቅደም ተከተል መመርመር ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በሎስ አንጀለስ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመው ነው። ፍሎረንስ ክላርክና በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ 361 በጎ ፈቃደኞችን በዕጣ ከሦስት ቡድን መደቡ። አንደኛው ቡድን ለ9 ወራት በባለሙያ እየተመራ የቀን ውሎውን መረመረ፤ ስለ መጓጓዣ፣ ከአደጋ ስለ መጠንቀቅና ከሰው ጋር ስለ መወዳጀት እየተወያየ ተለማመደ። ሁለተኛው ያለ ባለሙያ ምሪት በጨዋታ፣ በፊልምና በእጅ ሥራ አብሮ ዋለ። ሦስተኛው ምንም አገልግሎት አልተሰጠውም። በጤና፣ በተግባር ችሎታና በኑሮ ጥራት መለኪያዎች የመጀመሪያው ቡድን ብልጫ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ክትትል ደግሞ መርሐ ግብሩ ካበቃ ከ6 ወራት በኋላ ከተገኘው ጥቅም 90 በመቶ ያህሉ ጸንቶ እንደቆየ አመለከተ።

የዚህ ሙከራ ትልቁ ብርታት ሁለተኛው ቡድን ነው። አረጋውያንን ሰብስቦ ማጫወት ብቻውን ተመሳሳይ ውጤት እንደማያስገኝ፣ ለውጡ የመጣውም ሰው የራሱን ውሎ መርምሮ እንዲያስተካክል ከመረዳቱ እንደሆነ ለማሳየት ያስቻለው እርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመውና 460 አረጋውያንን ያሳተፈው ሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ሙከራ ግን ይህን ብርታት አልጠበቀም። በ21 ቦታዎች በመካሄዱ ስፋት አግኝቷል፤ በሕመም ስሜት፣ በብርታት፣ በማኅበራዊ ተሳትፎና በድባቴ ምልክቶችም መሻሻል አሳይቷል። ነገር ግን ንጽጽሩ አገልግሎቱን ገና ካላገኘ ቡድን ጋር ብቻ በመሆኑ፣ መሻሻሉ ከሙያው ጥበብ ይሁን ከመሰባሰቡ መለየት አይቻልም። የለውጡም መጠን አነስተኛ ነበር።

በእንግሊዝ የክብካቤ መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን መሰል አገልግሎት ለአረጋውያን አእምሯዊ ደኅንነት እንዲቀርብ መክሯል። ከዚያ በኋላ በሼፊልድና በሰሜን ዌልስ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 288 ሰዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው «ላይፍስታይል ማተርስ» ሙከራ ግን በዋናው መለኪያው፣ ማለትም በ6ኛው ወር በተለካው አእምሯዊ ደኅንነት፣ አስተማማኝ ልዩነት ሳያገኝ ቀረ። አጥኚዎቹም አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ከመነሻው ጤናማ፣ ንቁና ከሰው ጋር የሚውሉ እንደነበሩ በግልጽ አስፍረዋል።

ይህን ውጤት የአንድ ሙከራ ውድቀት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን የሦስቱም ሙከራዎች የጋራ ድካም እዚህ ላይ ይገለጣል። ሦስቱም የተካሄዱት ጥሪ ሰምተው በመጡ ሰዎች ላይ ነው። ጥሪ ሰምቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ በየሳምንቱ የሚመጣ አረጋዊ፣ መርሐ ግብሩ አስተምረዋለሁ ከሚለው ብዙውን አስቀድሞ ያውቃል። ባለቤቱ ከሞተችበት ወዲህ ከቤት ያልወጣው፣ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ደረጃውን የፈራችው ግን ጥሪው ከነጭራሹ ላይደርሳቸው ይችላል።

ጂኦፍሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ሁለት የመከላከል መንገዶችን ለይተዋል። አንደኛው ለአደጋ እጅግ የተጋለጡትን ፈልጎ መርዳት ነው፤ ሁለተኛው ሕዝብ ሁሉ የሚኖርበትን ሁኔታ መለወጥ ነው። እነዚህ ሙከራዎች ግን በአንደኛውም በሁለተኛውም መንገድ በቅጡ አልሄዱም። የተጋለጡትን ፈልገው አላገኙም፤ የእግረኛ መንገዱን፣ የመጓጓዣውን ወይም የደረጃውን ሁኔታም አልለወጡም። በመሆኑም መልካም ክሊኒካዊ አገልግሎትን ከሆስፒታል ግቢ አወጡ እንጂ፣ አገልግሎቱን ወደ ሕብረተሰብ ጤና አላሸጋገሩትም።

ሙከራ ያለ ተሳታፊው ፈቃድ አይካሄድም፣ ፈቃደኛ ያልሆነን ማስገደድም አይቻልም የሚል ተገቢ መከራከሪያ ይነሣል። ሆኖም ፈቃድ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ማንን ሄዶ መጠየቅ እንደሚገባ መምረጥ ሌላ ነገር ነው። ከአጥንት ስብራት በኋላ ከሆስፒታል የወጡትን፣ የትዳር ጓደኛ በቅርቡ የሞተባቸውን፣ በቤታቸው እንክብካቤ የሚያገኙትን በቤታቸው ተገኝቶ መጠየቅ ይቻላል። እምቢ ያሉትንም ሳይቀር ቆጥሮ ማስታወቅ ይገባል። ይህን ማድረግ የሙያውን ዋነኛ ሀብት፣ ማለትም እያንዳንዱን ሰው በራሱ ውሎ የማየት ጥበቡን፣ አያስጥለውም፤ ይልቁንም ጥበቡ የት መዋል እንዳለበት ይመራዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ኦኩፔሽናል ቴራፒ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በአንጻሩ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የመሄድን ልማድ አስቀድሞ አስተምሯል። የትኛው ደጅ እንደሚከፈት፣ በየትኛው ቤት ሰው ከአልጋ ሳይወርድ እንደሚውል ለማወቅ ከቤት ለቤት ጎብኚዋ የሚቀርብ የጤና ባለሙያ የለም። አዲሱ ሙያ ሥራውን ከዚህ ዕውቀት ቢጀምር፣ ሌሎች በብዙ ድካም የደረሱበትን ጉድለት ከመድገም ይድናል። በማዕከል ተቀምጦ የመጣውን ብቻ የሚያስተናግድ ከሆነ ግን፣ ስሙ የሕብረተሰብ ጤና ቢባልም በመዝገቡ የሚገኙት ቀድሞም መምጣት የቻሉት ብቻ ይሆናሉ።