የቁልቋሉ ጎን ስንት ነው?

ቁልቋል በአርሲ ሁሩታም ሆነ ከታች በስምጥ ሸለቆው ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የአዳማ ስም እንኳ በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ከዚሁ ዛፍ እንደመጣ ይነገራል። ችግሩ ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ መታሰቡ ላይ ነው። ሠዓሊ መርዛማነቱን ለማሳየት ሲል እሾሁን ያገዝፋል፣ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ወተት ያንጠባጥባል። የመርዛማ ተክል ሥዕል መመዘን ያለበት ግን ተክሉን ከሚመስሉት በመለየቱ ነው እንጂ በማስፈራራቱ አይደለም። ቁልቋልን የሚመስል እሾህማ በለስም አለና፣ ፍሬውም ይበላል። ሁለት የቁልቋል ዝርያዎችን ለመለየት ደግሞ ቅርንጫፉን አግድም ቆርጦ ጎኑን መቁጠር ይረዳል፦ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ጎን ሲኖረው፣ ዩፎርቢያ ካንደላብረም 4 ገደማ ነው። ጎን ብቻውን ስለማይበቃ አበባና ፍሬው ከቁራጩ አጠገብ ይሳላሉ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቁልቋልን ታራንታ ተራራ ላይ እንዳየው፣ ቅርንጫፉን ሲቆርጥም ወተቱ ሰይፉ ላይ የማይለቅ እድፍ እንደተወ ጽፏል። ታሪኩ ያስደነግጣል፣ ለሳይንስ የጠቀመው ግን በመጽሐፉ ያለው የተክሉ ገለጻና ሥዕል ነው፤ በዓመቱ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ግሜሊን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ፣ ከዚያው መጽሐፍ ተነሥቶ ዝርያውን ዩፎርቢያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው።

«የደረቀ ናሙና ካለ ሥዕል ለምን?» ይባል ይሆናል። ቅጠል በወረቀት መሃል ተጭኖ ይደርቃል፤ ውሃ ያዘለ የቁልቋል ቅርንጫፍ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ይበሰብሳል፣ ቢደርቅም ጎኑ ተጨማድዶ ቅርጹ ይጠፋል። ፎቶግራፍስ? ለቀለምና ለመላው ዛፍ ቁመና እሱን የሚተካከለው የለም። ነገር ግን የአንድን ዛፍ አንድ ቅጽበት ነው የሚይዘው፤ ሠዓሊው በተለያየ ወር የሚታዩትን አበባና ፍሬ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛል፣ በጥላ የተሸፈነውን ጠርዝም ግልጽ ያደርጋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «ልጅ የሚጠነቀቀው ሲፈራ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ሆኖም ነጭ ወተት በነጭ ወረቀት ላይ የሚታየው በጥላው ብቻ ስለሆነ፣ የተሳለው ጠብታ ሊቆጠር የሚገባውን ጎን ይሸፍናል። ስለዚህ ቁራጩ ወተቱ ከደረቀ በኋላ ይሳል። ማስጠንቀቂያው ከሥዕሉ ሥር በጽሑፍ ይግባ፦ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።