የመኝታና የቀብር ጡሩምባ፦ «ታፕስ» የተሰኘው ፊልም ሲፈተሽ

ጎህ ሳይቀድ በሰፈራችን የእድር ጡሩምባ ከተነፋ ሰው እንደሞተ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሟቹ ስም ሳይነገር ልብ ይደነግጣል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም እንዲህ ያለ ጡሩምባ አለው። 24 ድምፆች ብቻ ያሉት፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የተጀመረ ዜማ ነው፤ ስሙም «ታፕስ» ይባላል። ማታ «መብራት አጥፉ፣ ተኙ» ለማለት ይነፋል፤ ወታደር ሲቀበርም ይነፋል። ሃሮልድ ቤከር በ1981 ያዘጋጀው ፊልም ይህን ስም የያዘው በከንቱ አይደለም። ልጅን የሚያስተኛውና ሟችን የሚሸኘው ጡሩምባ አንድ ከሆነ፣ ልጆችን በዚያ ጡሩምባ የሚያሳድግ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ አለበት? ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስጨንቀን በዚህ ጥያቄ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ የወንዶች ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት አዛውንት ጄኔራል (ጆርጅ ሲ. ስኮት) ለተማሪዎቻቸው አባትም አዛዥም ናቸው። ብራያን ሞርላንድ የተባለውን ታታሪ ካዴት (ቲሞቲ ኸተን) የካዴቶች ሻለቃ አድርገው ይሾሙታል። ወዲያው ግን ቦርዱ ግቢውን ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ሊሸጠው እንደወሰነ ይሰማል። በምረቃው ሰሞን ከከተማው ልጆች ጋር ጠብ ይነሣል፤ በግፊያው መሀል የጄኔራሉ ሽጉጥ ይባርቅና አንድ ወጣት ይሞታል። ጄኔራሉ ታስረው በልብ ሕመም ይወድቃሉ፤ ትምህርት ቤቱም አሁኑኑ ይዘጋ ይባላል። ይሄኔ ሞርላንድ ጓደኞቹን አስተባብሮ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ይቆጣጠራል። ፖሊስ፣ ቀጥሎም የብሔራዊ ዘብ ጦር ግቢውን ይከብባል።

ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም ካዴቶች በእውነት የተዋጉበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1864 የቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም 257 ካዴቶች በእርስ በርስ ጦርነቱ በኒው ማርኬት ጦር ሜዳ ለደቡቡ ወገን ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ አሥሩ ሞተዋል። ተቋሙ በየዓመቱ በዚያ ቀን ስማቸውን ይጠራል፤ ስም በተጠራ ቁጥርም «በክብር ሜዳ ላይ ሞተ» የሚል መልስ ይሰማል። የልጆቹን ጀግንነት ማንም አይክድም። ነገር ግን የተሰለፉት ባርነትን ለማስቀጠል ለቆመ መንግሥት ነበር። ታዛዥነት ብቻውን «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ልጆችን በወታደር ሥርዓት ማሠልጠን ዛሬም አለ፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የካዴቶች ፕሮግራም፣ በምሕጻሩ ጄአርኦቲሲ፣ በ1916 በወጣው የብሔራዊ መከላከያ ሕግ ተቋቁሞ በ1964 በሌላ ሕግ ተስፋፋ። የሚያውጀው ተልዕኮም ወጣቶች የተሻሉ ዜጎች እንዲሆኑ ማነሣሣት ነው። መልካም ተልዕኮ ነው። «ታፕስ» የሚፈትነውም በዚህ ተልዕኮና በጡሩምባው መካከል ያለውን ርቀት ነው።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት ልጆቹን ልጆች አድርጎ ማሳየቱ ነው። ጠመንጃው በቁመታቸው ልክ ነው፤ የሚሰጡት ሰላምታ ግን የአዋቂ ነው። ድምፁ ያልጎረነነው ትንሹ ቻርሊ ሌሊት ዘብ ቆሟል። ታንክ እያጓራ ወደ በሩ ሲቀርብ በድንጋጤ ቦታውን ለቅቆ ይሮጣል፤ መሣሪያው ይባርቃል፤ ከውጭ ያሉት ወታደሮች ይተኩሳሉ። በቃ፣ ልጁ የለም። ያን ጊዜ የሞርላንድን ፊት ተመልከቱ። ስለ ክብር የተማረው ሁሉ አንድ ትንሽ ሬሳ ፊት ሲቆም መልስ ያጣል። የኸተን ትወና እዚህ ላይ ከቃል በላይ ነው። ከወታደር አባቱ ጋር የሚገናኝበት ትዕይንትም ልብ ይነካል፤ አባት ልጁን ለማዳን መጥቶ፣ የሚያውቀው ቋንቋ ትእዛዝና ጥፊ ብቻ ሆኖ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ያኔ ገና ለጋ የነበሩት ቶም ክሩዝና ሾን ፔንም ሁለት የተለያዩ የሥልጠና ፍሬዎችን ያሳዩናል። ፔን የሚጫወተው ካዴት ጓደኛውን እየወደደ ይጠራጠራል፤ የክሩዙ ግን መተኮስን ይወድዳል። ሞርላንድ በመጨረሻ «እጅ እንስጥ» ሲል፣ ተኩስ ከፍቶ የራሱንም የአዛዡንም ሞት የሚጠራው ይኸው ልጅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሥልጠና፣ ሁለት ዓይነት ሰው! ፊልሙ ይህን ሳይሰብክ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ጉድለቱም ግን ግልጽ ነው። ለፊልሙ ሕይወት የሚሰጡት ጄኔራል ቶሎ ከታሪኩ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ባስተማሩት ነገር ፊት ቆመው ሲጠየቁ አናይም። ከሁሉ በላይ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። የከተማው ልጆች ተንኳሽ ከመሆን አያልፉም። ቦርዱም የራሱን ምክንያት የሚያስረዳበት ዕድል አላገኘም። ፊልሙ የተቀረጸበት በ1928 የተመሠረተው የቫሊ ፎርጅ ወታደራዊ አካዳሚ በ2025፣ የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ የተማሪ ቁጥር ማነስና የወጪ መክበድ ትምህርት ቤትን እንዴት እንደሚፈትን ፊልሙ ጊዜ ሰጥቶ ቢነግረን ኖሮ የሞርላንድ ስህተት ይበልጥ በጎላ ነበር።

ያም ሆኖ «ታፕስ» መታየት ያለበት ፊልም ነው፤ በተለይ አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን። ልጆቻችሁ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ጄአርኦቲሲ ሊኖር ይችላል። ሰዓት ማክበርን፣ ቀጥ ብሎ መቆምን፣ ለጓደኛ መድረስን የተማሩበት ብዙዎች ናቸው። በሌላ በኩል በ2022 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ይመዘግቡ ነበር። ስለዚህ የልጃችሁን የትምህርት ፕሮግራም ወረቀት አንብቡ፤ አሠልጣኙን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ፊልሙንም ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሲያልቅም «አዛዥህ የተሳሳተ ነገር ቢያዝህ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳይቸኩል እስኪናገር ታገሡት፤ ሞርላንድን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አዋቂ አልነበረም።