ግንባር ላይ የምትለጠፍ ብር

ወልድያ የትልቅ ባለሀብትን ልግስና ታውቃለች፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየሟ የሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲን ስም ይዟል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የትንሹን እጅ ስጦታ ነው፤ በጎረቤቷ በመርሳም ሆነ በወልድያ ሰርግ ላይ ለአዝማሪ የሚሰጠውን ሽልማት።

መሲንቆው ሲከረከር ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ሹክ ይለዋል ወይም ጮክ ብሎ ይነግረዋል። አዝማሪው የሰማውን እዚያው በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት አሳምሮ ይመልሳል። የአምባሰል ተራራ ከመርሳ ሩቅ አይደለምና ዜማው እዚህ የቤት ልጅ ነው። ያኔ ሸላሚው ተነስቶ ብሯን ላብ ባራሰው የአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋታል፤ የመሲንቆው ክርከራ አይቋረጥም።

ማመልከቻ የለም፣ ኮሚቴ የለም፣ የሥራ ሪፖርት የሚጠይቅም የለም። ለጋሹ ራሱ ገጣሚ ነው፤ እጁን ያጠፈ ሀብታም ደግሞ በቅኔ መወጋቱን ይጠብቅ! (ብዙዎች እጃቸውን ወደ ኪሳቸው የሚሰዱት ይህን ፈርተው ይመስለኛል።) አዝማሪው ግን ደመወዝና ጡረታ የለውም፤ ሁዳዴ ገብቶ ሰርግ ሲቆም ግንባሩም ኪሱም ይደርቃል።