የመጽሐፍ ሂስ፦ ማመዛዘንንና መዳሰስን አብሮ ማስተማር፣ ከመቀሌ ሲታይ

መጽሐፉ፦ «ክሊኒካል ሪዝኒንግ ፎር ማኑዋል ቴራፒስትስ»
አዘጋጆች፦ ማርክ ጆንስ እና ዳረን ሪቬት
አሳታሚ፦ በተርወርዝ ሃይነማን፣ 2004 እ.ኤ.አ.

መግቢያ

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሁለት ነገሮችን አብሮ መማር ይኖርበታል። አንደኛው ታካሚው ከተናገረውና በምርመራ ከተገኘው ምልክት ተነሥቶ የሕመሙን መንስኤ ማመዛዘን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያመዛዘነውን በእጁ መፈጸም ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው ሲሰጡ እጁ የሠለጠነ ነገር ግን የማይጠይቅ፣ ወይም በቃል ፈተና የሚመልስ ነገር ግን መገጣጠሚያ ለመንካት የሚፈራ ባለሙያ ይወጣል። በአገራችን «ወጌሻ» የሚለው ስም ከባህላዊው አጥንት ጠጋኝ አልፎ እስከ እግር ኳስ ሜዳ መዝለቁ፣ ሕዝባችን ይህን ሙያ በዋነኛነት የእጅ ሙያ አድርጎ እንደሚያየው ያመለክታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከዚህ በላይ ሊያውቅ የሚገባው እጁን መቼ መሰብሰብ እንዳለበት ነው።

የጆንስና የሪቬት መጽሐፍ በዚህ ርዕስ ላይ ከተጻፉት መካከል ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ይዘቱ ሰፍቶ በአዲስ ርዕስ ዳግመኛ ታትሟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያውን እትም በመቀሌ ለሚለማመድ ተማሪ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው መመርመር ነው።

የመጽሐፉ ብርታት

መጽሐፉ የቆመበት መሠረት የቆየ ነው። አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ሜይትላንድ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች መገጣጠሚያን በእጅ የማንቀሳቀስ ሕክምናን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ አስተምሯል። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ታካሚውን እንደገና መመርመርንም የሕክምናው አካል አድርጓል። በሌላ በኩል ኤልስታይንና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሐኪሞች ገና ጥቂት መረጃ እንደሰሙ መላምት እንደሚመሠርቱ፣ ጥሩውን ሐኪም ከደካማው የሚለየውም የአስተሳሰብ ስልቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀት መሆኑን አሳይተዋል። ጆንስና ሪቬት እነዚህን ሁለት መስመሮች አገናኝተዋል።

አቀራረቡ የሚደነቅ ነው። ከንድፈ ሐሳቡ ቀጥሎ የሚመጡት የታካሚ ታሪኮች በየመካከሉ ይቆማሉ፤ አዘጋጆቹም አካሚውን «እስካሁን በሰማኸው ምን ጠረጠርህ? ለምን?» እያሉ ይጠይቁታል። ተማሪው መላምቱን በዘርፍ ይከፍላል፤ የሕመሙ ምንጭ፣ ዓይነቱ፣ ሕመሙን የሚያባብሱ ነገሮች፣ ጥንቃቄ የሚሹ ምልክቶች፣ የታካሚው የራሱ ግንዛቤና የወደፊት ተስፋ። ይህ አከፋፈል ለጀማሪ እጅግ ይጠቅማል፤ «የወገብ ሕመም» ከሚል አንድ ቃል በላይ እንዲያስብ ያስገድደዋልና።

ጉድለቱ

ጉድለቱ የሚታየው መጽሐፉ ወደ መቀሌ ሲመጣ ነው። ከታሪኮቹ መካከል ራሱን የሚያመው አትሌት፣ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ያላት የ14 ዓመት ልጅና የመሳሰሉት ይገኛሉ። ታካሚዎቹ ተመላልሰው መታከም የሚችሉ፣ ቀድሞም በሐኪም የታዩ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው ዓይደር ሆስፒታል ግን ከትግራይ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች ሩቅ ተጉዘው የሚመጡ ሕሙማንን ይቀበላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት ወር ሙሉ ጀርባዋን ያመማት፣ ክብደቷ የቀነሰ፣ ሌሊት ሕመሙ የሚነሣባት ወጣት ሴት መጣች እንበል። መጽሐፉን በሚገባ ያጠና ተማሪ ዲስክን፣ ጡንቻን፣ የአቀማመጥ ልማድን በቅድሚያ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ያነበባቸው ታሪኮች ያንን አስተምረውታልና። በእኛ አገር ግን የአከርካሪ ነቀርሳና ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ በመላምቱ መጀመሪያ ረድፍ ሊቆሙ ይገባል። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ነቀርሳ ከሚይዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚያጠቃው አከርካሪያቸውን ነው። ትኩሳት አለመኖሩም በሽታውን ውድቅ አያደርገውም። የተበላ አከርካሪ ላይ በእጅ ጠንካራ ግፊት ማሳረፍ ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳና የሁለት እግር ሽባነትን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የተማሪው እጅ የመጀመሪያ ሥራ አከርካሪውን በዝግታ መታ መታ አድርጎ ሕመምና ጉብታ መፈለግ፣ የእግርን ጉልበት፣ ስሜትና ሪፍሌክስ መመርመር፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መላክ ነው።

ለመጽሐፉ ፍትሕ ለመስጠት፣ የጡንቻና የአጥንት ሕመም መስሎ የቀረበ ሌላ በሽታን የሚተርክ ምዕራፍ አለው። ሆኖም በዚያ እንደ ብርቅ የቀረበው በእኛ ዘንድ የዕለት ሥጋት ነው። የማመዛዘን ስልት ከአገር አገር ይሻገራል፤ የበሽታ ስርጭት ግን አይሻገርም።

ሁለተኛው ጉድለት የታካሚው ብዛትና ዓይነት ነው። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በትግራይ የተካሄደው ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ፣ ነርቫቸውና ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ወገኖችን ትቷል። የተቆረጠ እግር ከሰው ሠራሽ እግር ጋር እንዲስማማ ማዘጋጀት፣ የመኝታ ቁስልን መከላከል፣ የመገጣጠሚያን መኮማተር ማስቀረት በዚህ መጽሐፍ ትኩረት አላገኙም። ለትራንስፖርት የሚከፍለው የሌለው ታካሚም አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ በየሳምንቱ እየተመረመረ የሚታረመው መላምት በአንድ ቀን ተጠናቆ፣ ቤተሰቡ ሊሠራው የሚችል ትእዛዝ ሆኖ መሰጠት አለበት። ግቡም ጀሪካን ተሸክሞ መመለስ፣ በዝቅተኛ ዱካ ላይ መቀመጥ፣ ሰግዶ መነሣት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። መጽሐፉ የሕመምን ዓይነት የሚለየው በታካሚው ቃል ነው። በአማርኛ «ይወጋኛል»፣ «ያቃጥለኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ይቆረጥመኛል» የተለያዩ ፍንጮች ናቸው፤ መቀሌ ላይ ታካሚው የሚናገረው ደግሞ ትግርኛ ነው። ተማሪው ሁሉንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል «ፔይን» ብሎ ሲመዘግብ፣ ማመዛዘኑ ገና ሳይጀመር ግማሹ ማስረጃ ይጠፋል።

የእኛ ድርሻ

ጉድለቱን ሁሉ በመጽሐፉ ላይ መጫን አይገባም። የመጽሐፉ ዋና ጥቅም ማቆሙና መጠየቁ ነው። መምህር ታሪኩን አሳጥሮ ከነመልሱ ቢያድለው፣ ተማሪው የሚይዘው የሌላ ሰው ድምዳሜ ብቻ ነው። የእጅ ሕክምናም ከገጽ አይለመድም። ተማሪው በጓደኛው አካል ላይ፣ የመምህሩ እጅ በእጁ ላይ አርፎ ግፊቱን ሊለካ፣ ራሱም ታካሚ ሆኖ ሊተኛ ይገባዋል። ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. እንደከፈለው ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየትና በሥራ ላይ መፈጸም አራት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። የእንቅስቃሴ ደረጃዎችን ስም ብቻ የሚጠይቅ የጽሑፍ ፈተና ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም። ሃርደን በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው በየጣቢያው የሚሰጥ ክሊኒካዊ ፈተና ይሻላል፤ ቢያንስ በአንዱ ጣቢያ ትክክለኛው መልስ «ይህን ታካሚ በእጄ አላክምም» የሚል ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

መጽሐፉ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን እንደ አብነት እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል መወሰድ የለበትም። የሚቀረን ሥራ በስልቱ ተጠቅመን የራሳችንን ታሪኮች መጻፍ ነው፤ ነቀርሳውን፣ በወጌሻ ጠብቆ ታስሮ የዘገየውን ስብራት፣ የጦር ጉዳቱን፣ በታካሚው ቃል የተመዘገበ፣ አካሚው የተሳሳተበትም ሳይቀር። ያ እስኪጻፍ ድረስ በመቀሌ የሚያስተምር ሁሉ ታሪኩን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከፊቱ ከተኛው ሰው ይጀምር።